በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም

ዛሬ ከዕለቱ ፖለቲካ ገለል ብዬ ስለ አንዲት ጀማሪ ነርስ ላጫውታችሁ።

የጓደኛዬ ልጅ ናት። እዚሁ አሜሪካ ተምራ፣ የፈቃድ ፈተናውን አልፋ ሆስፒታል ከገባች ገና አራተኛ ወሯ ነው። በቅርቡ በአንድ የሌሊት ተራዋ፣ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ለነበረ በሽተኛ፣ ቁጥሩን ሳታይ የደም ግፊት መቀነሻ ኪኒን ሰጠችው። እንዳወቀች ለተረኛዋ ኃላፊና ለሐኪሙ ተናገረች። በሽተኛው በየጊዜው ግፊቱ እየተለካ ደህና አደረ። እሷ ግን ደህና አላደረችም። «ጋሼ፣ ሰው ልገድል ነበር፤ ይህ ሙያ ለእኔ አይደለም» አለችኝ። እናቷ በበኩሏ «ማንም ሳያይሽ ለምን ተናገርሽ? ፈቃድሽን ቢነጥቁሽስ?» ብላ ተቆጥታታለች።

የእናትየው ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ራዶንዳ ቮት የተባለችው የቴነሲ ነርስ በ2017 እ.ኤ.አ. በማረጋጊያ መድኃኒት ፈንታ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት ሰጥታ የ75 ዓመት ታካሚ ሞቱባት። ስህተቷን ራሷ ብትናገርም በ2022 በወንጀል ተፈረደባት፤ ቅጣቱ የሦስት ዓመት ገደብ ነበር። ብዙ ነርሶች «ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ይናገራል?» ብለው የጮኹት ለዚህ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መደባበቅን ግን አውቃለሁ። አገር ቤት የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ሳለሁ፣ የአንድ ባለሥልጣን ማዕረግ ተሳስቶ ከታተመ የሚመጣው ጥያቄ «እንዴት ሆነ?» ሳይሆን «ማነው?» ነበር። ስለዚህ ስህተቱ አልቀነሰም፤ መሸፋፈኑ ግን በዛ። ማዕረግ ቢሳሳት ሰው አይሞትም። ሆስፒታል ውስጥ የተደበቀ ስህተት ግን ይገድላል።

የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ1999 ባወጣው ዘገባ፣ በአገሪቱ ሆስፒታሎች በስህተት የሚሞተውን ሰው በዓመት ከ44,000 እስከ 98,000 ገምቶት ነበር። የዘገባው ዋና ቁም ነገር ችግሩ በአብዛኛው ከአሠራር እንጂ ከክፉ ሰዎች የመጣ አይደለም የሚል ነው። አሠራር የሚታረመው ደግሞ የተሳሳተው ሰው ሲናገር ነው።

ስለ ጥርጣሬዋም፣ የነርስነት ሊቋ ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ነርስ ሥራውን በወጉ የሚጨብጠው በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ መሆኑን ጽፋለች። ልጅቷ ገና አራት ወሯ ነው።

«ልጄ» አልኳት፤ «ጥርጣሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ‹ትክክለኛው ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድና ሰዓት ነውን?› ብለሽ ደግመሽ እንድታዪ፣ ካላወቅሽም የቆየውን እንድትጠይቂ ያደርግሻል፤ እሱን ያዢው። ሁለተኛው ዝም ያሰኝሻል፤ እሱን ጣዪው። ያን ሌሊት ሰውየውን የጠበቀው አፍሽን መክፈትሽ ነው።»

ለእናቷም የምለው አለኝ። እኛ ዝምታን የተማርነው መናገር በሚያስቀጣበት አገር ነው። ያንን ትምህርት ለልጆቻችን አናውርሳቸው።

ልጅቷ በማግስቱ ማታ ሥራዋ ገብታለች።

ቸር ይግጠመን።