በደቡብ ቆላማ ከተሞች የማንነት ማጣራት ሥራና የቴክኖሎጂ ፈተናዎቹ

ከአዶላ ተነስቶ በወደራ በኩል ወደ ነገሌ ቦረና የሚዘልቀው መንገድ ፊልቱን አልፎ የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የሶማሊያ ድንበሮች ወደሚገናኙበት የዶሎ አካባቢ ያደርሳል። በመስመሩ ከሕጋዊው ንግድ ጎን ለጎን ኮንትሮባንድና ሕገወጥ የጦር መሣሪያ እንዳይተላለፍ መቆጣጠር የጸጥታ አካላት ኃላፊነት ሲሆን፣ የቁጥጥሩ መነሻም የተጓዡን ማንነት ማረጋገጥ ነው።

ችግሩ ከስም ይጀምራል። በቦረናና በአጎራባች ሕዝቦች ዘንድ ልጅ በተወለደበት ሰዓት መሰየም የተለመደ በመሆኑ በቀን የተወለደው ጉዮ፣ በምሽት የተወለደው ገልገሎ፣ በሌሊት የተወለደው ሃልካኖ ይባላል። በዚህም ምክንያት በርካታ ሰዎች አንድ ስም ይጋራሉ። በሌላ በኩል የአንዱ ጉዮ ስም በአማርኛ፣ በቁቤና በኬንያ ሰነዶች በተለያየ መልክ ስለሚጻፍ ኮምፒዩተር ሦስት ሰው አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ተፈላጊው በአጻጻፍ ልዩነት ሲያመልጥ፣ ስም የተጋራ ከብት ነጋዴ ያለጥፋቱ ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። በእጅ የተጻፈ የቀበሌ መታወቂያ ይህን አይፈታም።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ በተለምዶ ፋይዳ የሚባለው፣ የአሥር ጣቶችን አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስልን በመመዝገብ ለአንድ ሰው አንድ ልዩ ቁጥር ይሰጣል። ሆኖም በጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ውኃ ሲቀዳ ወይም ወርቅ ሲያጥብ የኖረ ሰው አሻራው ሊደበዝዝ ስለሚችል የዓይን ብሌን ምዝገባው በዚህ አካባቢ ተጨማሪ አማራጭ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። መሣሪያው ኤሌክትሪክና ኔትወርክ የሚሻ መሆኑም አይዘነጋም፤ ኔትወርክ በሌለበት ኬላ የቆመ ፖሊስ ከማዕከል ጋር ማመሳከር አይችልም።

በሞያሌ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ የሁለቱን አገሮች ሠራተኞች በአንድ ስፍራ በማገናኘት ተጓዡ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈተሽ ያስችላል። ይሁንና የጣቢያው አሠራር የሚጠቅመው በበሩ የሚያልፈውን ነው። ከብቱን ተከትሎ በእግር ድንበር የሚሻገረው አርብቶ አደር በጣቢያው መዝገብ አይገኝም።

የስልክ መረጃም ሌላው ጉዳይ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። በድንበር ከተሞች ግን የኬንያ ሲም ካርድ መያዝ እንግዳ ነገር ባለመሆኑ፣ መርማሪው የሚፈልገው መረጃ በሌላ አገር ሕግ ሥር ሊሆን ይችላል። ጥያቄው በሕጋዊ ትብብር መንገድ መላክ ያለበት በመሆኑ የፌዴራል ተቋማትን ደጅ ማለፉ አይቀርም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ በኬላ የተሰበሰበን መረጃ ለሌላ ዓላማ ማዋል ተጠያቂነትን ሊያስከትል ስለሚችል፣ የመዝገቡን ተደራሽነት የሚወስን የጽሑፍ መመሪያ ከመሣሪያው ቀድሞ ለኬላው መድረስ ይኖርበታል።