የአሮጌ አውሮፕላን የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዴት ይታደሳል?

ልደታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቤተ ክርስቲያኑን ነው። ግን ልደታ የአውሮፕላን ሜዳም ነበረ፤ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ መናኸሪያ እዚያ ነበር። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ዳግላስ ሲ-47 በተባለ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው። የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች እየታደሱ ይበራሉ። ታዲያ እድሳቱ ላይ ቀለሙ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ሽቦው ነው።

ለምን? የዚያን ዘመን ሽቦ የሚሸፈነው በጎማና በጥጥ ክር ነበር። ጎማው ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በጣት ሲታጠፍ ይፈረፈራል። አውሮፕላን ደግሞ ይንቀጠቀጣል። የተራቆተው መዳብ የአውሮፕላኑን ብረት ሲነካ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ነዳጁም ሩቅ አይደለም። መኪና ቢሆን ጥግ ይዞ መውረድ ይቻል ነበር፤ ሰማይ ላይ ግን ጥግ የለም!

የሲ-47 ኮረንቲ 24 ቮልት ነው። «ይህማ ምን ይጎዳል?» እንዳትሉ። 240 ዋት የሚፈጅ መብራት በቤታችን 220 ቮልት የሚስበው ከ1 አምፒር ጥቂት ይበልጣል፤ በ24 ቮልት ግን 10 አምፒር ይስባል። ብዙ አምፒር በቀጭን ሽቦ ካለፈ ሽቦው ይግላል።

እዚህ ላይ ቁጥር ማንበብ ነገሩን ይወስናል። በአሜሪካኖች የሽቦ መለኪያ ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል፤ 20 ቁጥር ከ10 ቁጥር በጣም ይቀጥናል። «ትልቅ ቁጥር፣ ወፍራም ሽቦ» ብሎ የገመተ ሰው እሳት ይገጥማል ማለት ነው። ፊውዙም ወይም ቫልቮላው የሚመረጠው በሽቦው ልክ ነው፤ የሚጠብቀው ሽቦውን ነዋ።

ሥራው የሚጀምረው በፒንሳ ሳይሆን በእርሳስ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ይጻፋል፣ በሁለቱም ጫፍ ምልክት ይታሰራል፣ ከዚያ ይፈታል። አሮጌው እስር አይጣልም፤ ጣውላ ላይ ተዘርግቶ መንገዱ በምስማር ይቀየሳል፣ አዲሱም በዚያው ልክ ይታሰራል።

የቤት ሽቦ አይሆንም። አንድ ወጥ መዳብ በንቅጥቅጥ ብዛት ይሰበራል፣ ፕላስቲኩም ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ያወጣል። ለአውሮፕላን የሚሆነው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት፣ ሙቀት የሚችል ሽፋን የለበሰ ሽቦ ነው። ጫፉም በስታኞ ከመበየድ ይልቅ በመሣሪያ ተጨምቆ ይያያዛል፤ ብየዳው ያደረቀው ቦታ ቶሎ ይቆረጣልና።

በነገራችን ላይ ኮረንቲው ቢጠፋም ሞተሩ አይቆምም። ካንዴላውን የሚያቀጣጥለው ማግኔቶ ኮረንቲውን ራሱ ያመነጫል። ራዲዮው፣ መብራቱና አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ጸጥ ይላሉ፤ ይህ በሌሊት ወይም በደመና ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ ባትሪው ወዲያው አይያያዝም። ዕቃዎቹ ሳይገናኙ የሽቦዎቹ ሽፋን ኮረንቲ የሚያሾልክ መሆን አለመሆኑ በመሣሪያ ይለካል። ከዚያ ባትሪው ይገባል፣ ማብሪያዎቹም አንድ በአንድ ይከፈታሉ። አንዱ ሰው አምፒሩን ያነባል፣ ሌላው የእሳት ማጥፊያ ይዞ ይቆማል።