ላረጀ ኮምፒውተር የትኛው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ይስማማል?

የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ እና ኩባንያው በዝርዝሩ ያካተተው ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ይህን የማያሟላ፣ ነገር ግን አካሉ ጤነኛ የሆነ ኮምፒውተር ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ወይም ጽሕፈት ቤት ንብረቱን ከመጣሉ በፊት ሊያየው የሚገባ አማራጭ አለ፤ ሊኑክስ።

ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ፣ የተሠራበት ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ ስርዓተ ክወና ነው። ከዊንዶውስ የሚለይበት አንዱ ነገር ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ የሚያየውን ገጽታ፣ ማለትም ዴስክቶፑን፣ ራሱ መምረጡ ነው። በመኪና ቢመሰል ሞተሩ አንድ ሆኖ ጋቢናው እንደ ባለቤቱ ፍላጎት እንደሚቀያየር ማለት ነው። ከባድ ጋቢና ግን ደካማ ሞተርን ያደክማል። ስለዚህ ምርጫው ከውበት ሳይሆን ከራም መጠን መነሣት ይኖርበታል።

ለጀማሪ የሚቀለው ሊኑክስ ሚንት ሲሆን በሦስት ዴስክቶፖች ይቀርባል፤ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ። ሦስቱም ዊንዶውስን ለለመደ ዓይን እንግዳ አይደሉም። ራሙ 4 ጊጋ ባይትና ከዚያ በላይ ለሆነ ኮምፒውተር ሲናሞን ያምራል። 2 ጊጋ ባይት ብቻ ላለው ግን ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ ይሻላል። የኡቡንቱ መደበኛ ገጽታ የሆነው ግኖም ላረጀ ማሽን ይከብዳል። ያም ሆኖ ዴስክቶፕ ተአምር አይሠራም፤ ራምን ከሁሉ በላይ የሚበላው ብዙ ገጽ የተከፈተበት የኢንተርኔት ማሰሻ ነው። 32 ቢት ብቻ የሆኑ እጅግ ያረጁ ኮምፒውተሮች ደግሞ አዲሱን ሚንት አይቀበሉም።

አጫጫኑ ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። በመጀመሪያ የሚንት ፋይል ከድረ ገጹ ይወርዳል። መጠኑ ወደ 3 ጊጋ ባይት ስለሚጠጋ አንዱ አውርዶ ለሌላው ቢያካፍል የዳታ ወጪ ይቀንሳል፤ ማካፈሉም በሕግ የተፈቀደ ነው። ፋይሉ ሩፈስ በተባለ ፕሮግራም 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት እንደ ሥሪቱ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ ተጭኖ ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል።

በዚህ ደረጃ ገና ምንም አልተጫነም። ሚንቱ ከፍላሹ ላይ እየሠራ ስለሚታይ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ማረጋገጥ ይቻላል። ይህን ሙከራ መዝለል ትልቅ ስሕተት ነው። ሁሉም ከተስማማ የመጫኛው ምልክት ሁለት ጊዜ ይነካል። መጫኛው ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ላጥፋ ወይስ ከዊንዶውስ ጎን ልቀመጥ ብሎ ሲጠይቅ ሰነዶች አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ መገልበጣቸው ግድ ነው። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ሥራው ይበላሻልና ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ተመራጭ ነው፤ ካልሆነም መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት መጠበቅ ይበጃል።

ሌላ ዴስክቶፕ በኋላ መጨመር ያማረው ሰው ከሶፍትዌር ማኔጀር ጭኖ፣ ከአካውንቱ ወጥቶ በመግቢያው ገጽ ላይ አዲሱን ይመርጣል። ሁለት ሦስቱን መደራረብ ግን ተመሳሳይ ፕሮግራሞችን ያበዛል፤ ዲስክም ያጣብባል።

አማርኛ መጻፍ አያስቸግርም፤ የቁልፍ ሰሌዳው ከቅንብሩ ውስጥ ይጨመራል። ችግሩ ያለው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች በተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ላይ ነው፤ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ትርጉም ወደሌለው ምልክት ይለወጣል። ፒችትሪም ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ማኅበር ለዚሁ ሥራ ድጋፍ ያለው ዊንዶውስ የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር አስቀርቶ፣ ለደብዳቤና ለአባላት መዝገብ የሚውሉትን ወደ ሊኑክስ ማዛወር ይችላል።