የሐምሌ መኪና

ደላላ መኪና ሲያሳይ መጀመሪያ የሚከፍተው ኮፈኑን ነው። ሞተሩን ያስነሳና «ስማው እስቲ፣ ድምፅ አለው?» ይላል። ገዢው ጆሮውን ያዘነብላል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ሊብሬውን ያገላብጣል። ወሩ ጥር ወይም የካቲት ከሆነ መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነውና ሁሉም መኪና ጥሩ ይመስላል። ዋናውን ፈተና ግን የሚሰጠው ሐምሌ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የእንጦጦ ሰማይ ይጠቁርና ዶፉ ገርጂና ጎሮ ላይ ይወርዳል።

አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች የሚንደረደረው ጎርፍ ወደ ደቡብ ሲወርድ የቦሌን፣ የሰሚትንና የጎሮን ሜዳ ያገኛል። ሜዳው ደግሞ አብዛኛው መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። አስፋልቱ እንደ ባሕር ሞገድ ከፍ ዝቅ የሚለው፣ ኮብልስቶኑም በየዓመቱ አንድ ጎኑ የሚሰምጠው በአመዛኙ በዚሁ አፈር ጠባይ ነው። የተዘረጋበትን መሠረት በደንብ ያልቆፈረ ተቋራጭም ድርሻ የለውም ማለት አይደለም።

በዚህ በኩል የሚኖር ሰው በቀን ሁለት ዓይነት መንገድ ይነዳል። ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው በኮሪደር ልማቱ ታድሷል፤ ከመገናኛ በሲኤምሲ በኩል እስከ አያት ባቡሩን መሐል አድርጎ የተዘረጋውም ሰፊ አስፋልት ነው። እዚያ ላይ ቪትዝም ሆነ ላንድክሩዘር እኩል ሰልፍ ይጠብቃሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ከዋናው መንገድ ሲታጠፉ ነው፤ መጀመሪያ ኮብልስቶን፣ ቀጥሎ ገረጋንቲ፣ በመጨረሻ ማንም ያልነካው መረሬና ክዳኑ የጠፋ ቱቦ። እኔ መኪና የሚያማክረኝን ሰው ስለ ሞተር ከመጠየቄ በፊት ይህንን ነው የምጠይቀው፦ ከአስፋልቱ እስከ ግቢህ በር ምን አለ? መልሱ «አስፋልት» ከሆነ የፈለገውን ይግዛ። ካልሆነ ከጉዞው አብዛኛው አስፋልት መሆኑ ምንም አይጠቅመውም፤ መኪናውን የሚመርጥለት ያቺ የመጨረሻዋ ቁራጭ መንገድ ናት።

እዚያ ላይ ቀድሞ የሚጎዳው የመኪናው ሆድ ነው። ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚይዘው ኮፓ ድንጋይ ነክቶ ሲሰነጠቅ ዘይቱ ይፈሳል፣ ሹፌሩ የዘይቱን መብራት ሳያይ ጥቂት ከነዳ ሞተሩ ይነክሳል። ትንንሾቹ የከተማ መኪኖች ከመሬት የሚርቁት 14 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲጫንባቸው ደግሞ ዝቅ ይላሉ። እዚሁ አገር ሲገጣጠም የቆየው ሱዙኪ ዲዛየር 16 ሳንቲ ሜትር ያህል አለው። ሦስተኛው ትውልድ ራቭ4 19 አካባቢ ይደርሳል። ላንድክሩዘር 200 ከ22 ይበልጣል። በቪትዝና በራቭ4 መካከል ያለው ልዩነት የአራት ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም፤ ግን ብዙ የሠፈር ድንጋይ የሚያርፈው እዚያች መሐል ላይ ነው።

ይህን ነገር ቀድመው ያወቁት ሶቪየቶች ነበሩ ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ሰው ለዓመታት በሰማያዊና ነጭ ታክሲነቱ የሚያውቃት ላዳ በመሠረቷ የጣሊያን ፊያት 124 ናት። ሞስኮ ከፊያት ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ተዋዋለች፤ የመጀመሪያዎቹ መኪኖችም እ.ኤ.አ. በ1970 ከቶልያቲ ፋብሪካ ወጡ። መሐንዲሶቹ ግን የጣሊያኑን መኪና እንዳለ አልወሰዱትም። ከመሬት አራቁት፣ ላሜራውን አወፈሩት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በጭቃ ቶሎ ያልቃል ብለው በከበሮ ፍሬን ለወጡት፣ ብርድ ባትሪውን ሲገድለው በእጅ ማንቬላ እንዲነሳም አደረጉት። ለሩሲያ በረዶና በረዶው ሲቀልጥ ለሚመጣው ጭቃ የታሰበው ሁሉ ለኮተቤና ለገርጂ ክረምት ተስማማ። ነዳጅ ትጠጣለች፣ መሪዋ ክንድ ያደክማል፣ ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ በጭቃ ውስጥ ግን ከብዙ አዳዲስ መኪኖች የተሻለ ትራመድ ነበር።

ቪትዝ ሌላ ታሪክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ስትወጣ መልኳን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ነው፤ ያሪስ የተባለችው የአውሮፓ እህቷ እ.ኤ.አ. የ2000 የአውሮፓ ምርጥ መኪና ተብላ ተሸልማለች። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ በጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ መሪዋ በግራ ሆና የምትታይ ቪትዝ በአብዛኛው መሪዋ የተዛወረ ናት። በበጋ ይህ ማንንም አያስጨንቅም። በክረምት ግን መሪው ሲዛወር የዝናብ መጥረጊያው አብሮ ካልተዛወረ፣ ጥርት አድርጎ የሚጠርገው በቀኝ ለሚቀመጠው ነው፤ በሹፌሩ ግራ ማዕዘን ሳይጠረግ የሚቀር ቁራጭ መስታወት ይኖራል። እግረኛ ከመንገድ ዳር የሚገባው ብዙውን ጊዜ በዚያ አቅጣጫ ባይሆንም፣ ከፊት የሚመጣ ሞተር ሳይክል ግን የሚደበቀው እዚያው ነው። ቪትዝ የሚገዛ ሰው ውኃ አስረጭቶ መጥረጊያውን ቢያሠራ ከሞተሩ ድምፅ የበለጠ ይማራል።

ሰው «ለክረምት» ሲል ብዙ ጊዜ በልቡ ያለው ፎር ዊል ነው። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ጭቃ ውስጥ ቆሞ ለመነሳት በእርግጥ ይረዳል። ለማቆም ግን ምንም አይረዳም፤ ፍሬን በሁሉም መኪና አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው፣ መሬቱን የሚጨብጠውም ጎማው ብቻ ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በቀለበት መንገድ ላይ በተኛ ውኃ በ80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ውኃውን ወደ ጎን መግፋት ስለሚያቅተው በላዩ ይንሳፈፋል፤ በዚያች ቅጽበት መሪው ቀላል ይሆናል፣ መኪናውም ወደፈለገው ይሄዳል። የጎማ ጥርስ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ በእርጥብ መንገድ የማቆሚያ ርቀቱ በግልጽ ይረዝማል። ጥርሱ ጥሩ የሆነ ጎማም ቢሆን ዕድሜ አለው፤ ጎኑ ላይ ከተጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የፊቶቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ። 2319 ቢል እ.ኤ.አ. የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው። ጎሚስታው በቀለም አብርቶ «አዲስ ነው» የሚለውን ጎማ ይህ ቁጥር ያጋልጠዋል።

ከጎማው ቀጥሎ ውኃው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለሹፌሮች በሚሰጠው ማስጠንቀቂያ 15 ሳንቲ ሜትር ውኃ የአብዛኞቹን የቤት መኪኖች ሆድ ይደርሳል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ብዙዎቹን ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ ደግሞ ትልልቆቹን ጭምር ይወስዳል። ከጎርፉ ሥር የተከፈተ ቱቦ ሊኖር ስለሚችል እኛ ጋ ልኩ ከዚህ ያንሳል ብንል ይሻላል። ከፊት ያለው ሚኒባስ አለፈ ብሎ መከተልም ከንቱ ነው፤ ሚኒባሱ ከፍ ያለ ነው፣ ሞተሩ አየር የሚስብበት አፍም ከአንተ መኪና ጋር አንድ ቦታ አይደለም። ውኃ በዚያ አፍ ከገባ ወደ ሲሊንደር ይደርሳል። ፒስተን አየርን ይጨምቃል እንጂ ውኃን መጭመቅ አይችልም፤ ስለዚህ የሚታጠፈው ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ መካኒኮች ቢዬላ የሚሉት ነው። መኪናው ውኃ መሐል ከጠፋ ቁልፉን ደግሞ አለማዞር፣ ወርዶ ማስገፋት ነው የሚሻለው። ብዙ ሞተር የሚሞተው በመጀመሪያው መጥፋት ሳይሆን ሹፌሩ ተደናግጦ ሁለተኛ ጊዜ ሲያስነሳው ነው።

ትንሽ ነገር ግን የሚረሳ አለ፦ የመስታወት ጉም። አምስት እርጥብ ሰው የጫነ መኪና ውስጡ ወዲያው ይታፈናል። ሹፌራችን ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ ኤሲውን ያጠፋና መስታወቱን በእጅጌው ይጠርጋል። ኤሲ ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ከአየሩ እርጥበቱን ይመጥጣል። ሙቅ አየርና ኤሲ አንድ ላይ ሲከፈቱ መስታወቱ በአፍታ ይጠራል። ኤሲው የማይሠራ መኪና «ለአዲስ አበባ ኤሲ ምን ያደርጋል» ተብሎ ሲሸጥ የዋጋ መደራደሪያ ማድረግ ይገባል።

ሞተሩን ጨርሶ ልተወው አልችልም፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩም ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ያለ ተርቦ የሚተነፍስ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያጣል። ባለ አንድ ሊትሯ ቪትዝ ሰው ሞልታ አቀበት ላይ ኤሲ ሲከፈትባት የምታቃስተው በዚህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አየር አይተነፍስምና ይህ አይመለከተውም።

ከነዳጅና ከኤሌክትሪክ የመምረጡ ነገር ደግሞ ከገዢው እጅ ግማሽ በግማሽ ወጥቷል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ዛሬ ራቭ4ም ሆነ ዲዛየር የሚፈልግ ሰው የሚገዛው በአብዛኛው እዚሁ አገር ውስጥ እጅ የለወጠውን ነው፤ አሮጌው መኪና ዋጋው እየወጣ የሄደውም በከፊል በዚህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በአንጻሩ በጊዜው ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ፣ ተገጣጥሞ ሲገባ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል ተወስኖ ነበር።

ኤሌክትሪኩ ለክረምት ይሆናል ወይ? ብርዱን በተመለከተ እኛን የሚያሰጋን ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከአዳዲስ መኪኖቿ አሥሩ ውስጥ ዘጠኙ ያህል ኤሌክትሪክ በነበሩባት ኖርዌይ ብርዱ ሲከፋ መኪኖቹ የሚሄዱት ርቀት እስከ ሲሶ ይቀንሳል፤ የእኛ ሐምሌ ግን ለባትሪ ምቹ ነው። ውኃም ባትሪውን ቶሎ አይደፍረውም። አይፒ67 የሚል ደረጃ ያለው ሣጥን አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት እንዲቆይ ተፈትኗል። የኔ ፍርሃት ድንጋይ ነው። ባትሪው የተነጠፈው በመኪናው ሆድ ሥር ነው፤ ዝቅ ያሉት ትንንሽ የቻይና መኪኖች ሰምጦ ጠርዙ የቀረ ኮብልስቶን ሲያገኛቸው የሚመታው ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃ ይሆናል። የተደፈጠጠ ሣጥን ደግሞ ያንን የአይፒ ደረጃ ይዞ አይቆይም። እንግዲህ ኤሌክትሪክ የሚመርጥ የጎሮ ወይም የአራብሳ ሰው ከፍ ያለውን ይምረጥ፤ ሲገዛም መኪናውን አሰቅሎ ሥሩን ይይ።

ቻርጁ ሌላ ጉዳይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በየካቲት 2017 ቦሌ ላይ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ከፍቷል። ቤት ውስጥ ከተራ ሶኬት የሚሞላ ግን በሰዓት ከሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙ አይበልጥም፤ ባለ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ባዶ ከሆነ አንድ ሙሉ ሌሊት አይበቃውም። የራሱ ግቢና ቆጣሪ ላለው ችግር የለውም። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ኤክስቴንሽን በመስኮት አውርዶ በዝናብ መሙላት ግን አደጋ ነው፤ እንዲህ ያለ ነዋሪ ጣቢያው ከሥራ ቦታው ወይም ከመንገዱ ላይ ካልሆነ ለጊዜው ነዳጁን ቢይዝ እመርጣለሁ።

የሚገዛውን ከወሰነ በኋላ በተለይ ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው በሐምሌ ይግዛ። ሻጩ ያጠበው፣ ላቫጆ ያሳመረው መኪና ከዝናብ በኋላ ምንጣፉ ሲነሳ እርጥበቱና ሽታው ይወጣል፤ የበሩ ላስቲክ፣ የፊት መስታወቱ ማጣበቂያ፣ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ ሁሉ ይናገራሉ። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ሥሩ ይታይ፤ እዚያ በክረምት መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲውን ከሥር ይበላል፣ ከላይ የተቀባው ቀለም ይህን አይነግርም። ከዚያ አንድ አቀበት ኮብልስቶን ላይ ሦስት ሰው ጭኖ መሞከር፣ ሆዱ ሲነካ መስማት።

እኔን ከጠየቁኝ ለአያት፣ ለሰሚትና ለጎሮ ነዋሪ የምመርጠው ከፍ ያለ፣ የፊት ጎማው ብቻ የሚነዳ መካከለኛ መኪና ነው፤ ራቭ4 ወይም ቪታራ፣ ግቢ ላለው ደግሞ በዚያው ቁመት ያለ ኤሌክትሪክ። ቦሌ መድኃኔዓለም ወይም አትላስ አካባቢ አስፋልት በር ላይ ለሚኖር ዲዛየር ወይም ቪትዝ ይበቃዋል፤ ላንድክሩዘር ቢገዛ የሚያገኘው የማቆሚያ ችግር ነው። ራቭ4 በፎር ዊልና ያለ ፎር ዊል ሁለቱም ገበያ ላይ ሲገኙ ርካሹን ወስዶ በተረፈው አራት አዲስ ጎማና አዲስ የዝናብ መጥረጊያ መግዛት፣ የተረፈውንም ለፍሬን ሸራ ማድረግ ይሻላል።