መጠበቅን የሚሸጥ ጨዋታ

«ፍሪ ቱ ፕሌይ» በሚል ስም የሚታወቀው የሞባይል ጌም ንግድ፣ ተጫዋቹ ጌሙን ያለ ክፍያ አውርዶ እንዲጀምር ፈቅዶ፣ ገንዘቡን ግን በመግቢያው በር ላይ ሳይሆን በጨዋታው መካከል፣ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ በሚፈልግበት ወይም መጠበቅ በሚሰለችበት ቅጽበት የሚጠይቅ አሠራር ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደው የጨዋታ ሒሳብ ከዚህ የተለየ ነበር፤ ጆተኒ የሚጫወት ጎረምሳ ኳሱ ከመውረዱ በፊት ይከፍላል፣ ፕሌይስቴሽን ቤት የገባም ለአንድ ግጥሚያ ስንት እንደሚጠየቅ አውቆ ይቀመጣል፣ ገበጣ ደግሞ ከጠጠርና ከጉድጓድ በቀር ምንም ስለማይፈልግ ከጥንትም ዋጋ ኖሮት አያውቅም። ፍሪ ቱ ፕሌይ ከሦስቱም ጋር አይመደብም። ይልቁንም የሚመስለው ምራቂን ነው፤ ልዩነቱ የገበያ ሴት ምራቂ የምትጨምረው ሸጣ ካበቃች በኋላ ሲሆን፣ ጌሙ ግን ምራቂውን አስቀድሞ አፍስሶ የሚሸጠውን ነገር ወደ ኋላ ማቆየቱ ነው።

የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ለማየት ሰዎች ተቀምጠው ከሚጠብቁበት ስፍራ የተሻለ የለም፤ ከእንዲህ ያሉ ስፍራዎች አንዱ የመቐለው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በኩይሓ አቅራቢያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራው ይህ ማረፊያ ስሙን የወሰደው ከራስ አሉላ እንግዳ ሲሆን፣ «አባ ነጋ» የፈረስ ስማቸው ነው (በጦር ሜዳ ፍጥነቱ የታወቀ ሰው የፈረስ ስም ሰው ተቀምጦ ሰዓት ለሚቆጥርበት አዳራሽ መጠሪያ መሆኑ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል)። ከዚህ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ በረራ ይበቃል፤ መንገደኛው ግን ፍተሻውንና ምዝገባውን ለማለፍ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ፣ በመጠባበቂያው ወንበር ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ከበረራው ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። ስልክ ከኪስ የሚወጣውም ያን ጊዜ ነው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የከፈተው ጌም ከረሜላ የሚደረደርበት ካንዲ ክራሽ ነው እንበል። ጌሙ ለተጫዋቹ አምስት «ሕይወት» ይሰጠዋል፤ አንዱን ደረጃ ማለፍ ባቃተው ቁጥር አንድ ሕይወት ይቀነስበታል፣ የተቀነሰው አንድ ሕይወት ተመልሶ የሚሞላው ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው፣ አምስቱም ካለቁበት ሙሉውን ለመመለስ ሁለት ሰዓት ተኩል መጠበቅ አለበት። አውሮፕላን የሚጠብቅ ሰው ጊዜ ለመግደል የከፈተው ጌም ራሱ መልሶ ጠብቅ ይለዋል ማለት ነው፤ መጠበቅ ካልፈለገ ደግሞ በጥቂት ገንዘብ ወዲያውኑ መቀጠል እንደሚችል የሚገልጽ ቁልፍ ከፊቱ ይደቀናል። ተጫዋቾችም በበኩላቸው ዝም አላሉም፤ የስልኩን ሰዓት ወደፊት አስኪዶ ሕይወት ማስሞላት በየአገሩ የታወቀ ዘዴ ነበር። ዘዴው የሚያሳየው ቁም ነገር አለው፤ በዚህ ገበያ ላይ የሚመዘነው ሸቀጥ ከረሜላውም ደረጃውም ሳይሆን ሰዓቱ ራሱ ነው።

አሠራሩ የተወለደው በስልክ ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መባቻ በደቡብ ኮሪያ ኔክሰን የተባለው ኩባንያ ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቅበት የነበረውን የኮምፒውተር ጌም ነጻ አድርጎ በውስጡ ልብስና ጌጣጌጥ መሸጥ ሲጀምር መንገዱ ተከፈተ። ወደ ስልክ የተሸጋገረው በአፕል ውሳኔ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 አፕ ስቶር 500 ያህል መተግበሪያዎችን ይዞ ሲከፈት ጌም እንደ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚወሰድ ዕቃ ነበር፤ በ2009 አጋማሽ በመተግበሪያ ውስጥ መግዛት ተፈቀደ፣ የተፈቀደው ግን መጀመሪያውኑ በተከፈለባቸው መተግበሪያዎች ላይ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ግን ፈቃዱ ነጻ ወደሆኑት ሰፋ። ቀደም ሲል በፉክክር ብዛት እስከ 99 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዶ የነበረው የጌም ዋጋ ከዚያ በኋላ ወደ ዜሮ ለመውረድ ጊዜ አልወሰደበትም፤ አፕልም ሆነ ጉግል ከእያንዳንዱ የውስጥ ሽያጭ 30 በመቶ ይቆርጡ ስለነበር፣ የመደብሩ ባለቤትም የጌሙ ሠሪም ጥቅማቸው በአንድ መስመር ተሰለፈ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ የዋጋ ለውጥ ብቻ አልነበረም፣ የጌሙን አጥንት የነካ ነበር። አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚሸጥ ጌም ሠሪ ዋና ጭንቀቱ ጨዋታው ደስ ማሰኘቱ ነው፤ ነጻ ጌም የሚሠራ ግን ደስታውን ከየት ቦታ ላይ ቢያቋርጠው ሰው እንደሚከፍል ማስላት አለበት። በቀድሞው ዘመን አንድ ደረጃ የሚከብደው ያለፈው ሰው እንዲኮራበት ነበር፣ አሁን ችግሩ ራሱ ገንዘብ ያዥ ሆነ። ሱፐርሴል የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ በ2012 ያወጣው ክላሽ ኦፍ ክላንስ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ተጫዋቹ መንደሩን ሲያለማ የመጀመሪያዎቹ ግንባታዎች በሰከንዶች ያልቃሉ፣ ቀጣዮቹ ሰዓታት ይፈጃሉ፣ ከፍ ያሉት ደግሞ ቀናት ይወስዳሉ፣ «ጄም» የሚባለው አረንጓዴ ዕንቁ ግን ሁሉንም ወዲያውኑ ይጨርሳል። ዕንቁው በገንዘብ ይገዛል፤ የሚገዛውም በተወሰነ ጥቅል ብቻ በመሆኑ ከግዢ በኋላ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይተርፋል፣ ለሚቀጥለው ግንባታ የማይበቃ ነገር ግን ለመተው የሚያሳሳ ትርፍ። ከዚህም በላይ ተጫዋቹ በዕንቁ ሲገዛ ስንት ዶላር እንዳወጣ በአእምሮው መመንዘር ያቅተዋል፤ ይህ የምንዛሪ ጭጋግ በስሕተት የመጣ ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ነው።

ከሁሉም የሚያነጋግረው ክፍል «ጋቻ» የሚባለው ነው። ቃሉ ከጃፓን የመጣ ሲሆን፣ ሳንቲም ሲገባባት ምን እንደያዘ የማይታወቅ አሻንጉሊት ከምትተፋው የመደብር ማሽን ተወስዷል፤ በምዕራቡ ዓለም «ሉት ቦክስ» የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው። በ2020 የወጣው የቻይናው ጌንሺን ኢምፓክት ለምሳሌ ያህል፣ ከፍተኛ የሚባለውን ባለ አምስት ኮከብ ሽልማት በአንድ ዕጣ የማግኘት ዕድል 0.6 በመቶ መሆኑን ይገልጻል፣ ዕድል የራቀው ሰውም በ90ኛው ዕጣ ላይ በግዴታ እንዲያገኝ ይደረጋል። አንዱ ዕጣ 160 የጌሙን ዕንቁ ስለሚፈጅ፣ እስከ 90ኛው የሄደ ተጫዋች 14,400 ዕንቁ አፍስሷል። ጋቻ ከሎተሪ የሚለየው አሸናፊው የሚያገኘው ወደ ገንዘብ የማይመለስ ሥዕል መሆኑ ላይ ነው፤ ብዙ አገሮች በቁማር ሕጋቸው ሊይዙት የተቸገሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጃፓን በ2012 የተበታተኑ ዕጣዎችን አሰባስቦ ትልቁን ሽልማት የማግኘት ዓይነቱን ከለከለች፤ ቤልጂየም በ2018 የሚከፈልባቸው ሉት ቦክሶች ከቁማር እንደሚቆጠሩ አስታወቀች። በአሜሪካ ደግሞ ክርክሩ በሕፃናት በኩል መጣ፤ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ላደረጉት ግዢ አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ በ2014 የተስማማው ከፌዴራል የንግድ ኮሚሽኑ ጋር ነበር።

ለመሆኑ የሚከፍለው ማን ነው? የካንዲ ክራሽ ባለቤት የሆነው ኪንግ በ2014 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ በገለጠው ሰነድ መሠረት፣ በ2013 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ጌሞቹን በወር ይጫወቱ ከነበሩት 304 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል የከፈሉት 12 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ከመቶ አራት መሆናቸው ነው። ከእነዚህም ውስጥ እጅግ ብዙ የሚያወጡትን ጥቂቶች የሙያው ሰዎች «ዓሣ ነባሪ» ይሏቸዋል። የቀሩት 96ቱ ግን ትርፍ እንግዳ አይደሉም፤ መቶ ሰው በአንድ ደሴት ላይ በሚዋጋበት እንደ ፐብጂ ሞባይል ባለው ጌም ውስጥ ያልከፈለው ተጫዋች የከፈለው ሰው የሚያሸንፈው ተጋጣሚ፣ አዲስ ልብሱን የሚያሳየው ታዳሚ ነው። ያለ ሕዝብ ሠርግ የለምና፣ ነጻው ተጫዋች በሠርጉ ላይ የአጫፋሪነቱን ድርሻ ይወጣል። የጌም ኩባንያው ኒንቴንዶ በ2016 መጨረሻ ሱፐር ማሪዮ ረንን አስቀምሶ ቀሪውን በ10 ዶላር ገደማ አንድ ጊዜ ለመሸጥ ሞክሮ ገቢው የጠበቀውን ያህል አልሆነለትም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በጋቻ ያወጣው ፋየር ኤምብለም ሂሮስ ግን በጣም ባነሰ ሰው ወርዶ የበለጠ ገንዘብ አስገባለት። ከዚያ ወዲህ የዋጋ ክርክሩ አለቀ ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያ በዚህ ገበያ ውስጥ የያዘችው ቦታ ከአጫፋሪዎቹ መካከል ነው። በብር የሚንቀሳቀስ የባንክ ካርድ ለረጅም ዘመን ለውጭ ግዢ ስላላገለገለ፣ የፐብጂን «ዩሲ» ወይም ፍሪ ፋየር የተባለውን ጌም «ዳይመንድ» (በጌሙ ውስጥ የሚሠራ ገንዘብ) የፈለገ ወጣት ውጭ አገር ያለ ዘመድ መለመን ወይም በቴሌግራም ለሚነግድ ደላላ ብር አስተላልፎ ማስሞላት ይኖርበት ነበር። ለማይከፍለው የቀረበው ሁለተኛ በር የማስታወቂያ ቪዲዮ ነው፤ 30 ሰከንድ ያህል ያየ ሰው አንድ ሕይወት ወይም ጥቂት የጌሙን ሳንቲም ይሸለማል። ማስታወቂያው ግን በዳታ ነው የሚመጣው፣ ዳታውም ተጫዋቹ በገዛው ፓኬጅ ላይ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አስተዋዋቂው ለጌሙ ሠሪ ይከፍላል፣ ተመልካቹም ለማየት ለቴሌ ይከፍላል፤ «ነጻ» የተባለው ነገር በሜጋባይት ተመንዝሮ ወጥቷል። አስተዋዋቂዎች ለአንድ አሜሪካዊ ተመልካች የሚከፍሉት ለኢትዮጵያዊው ከሚከፍሉት እጅግ ስለሚበልጥ፣ ይህ ልፋት ለጌሙ ሠሪ የሚያስገኘው ገቢም ኢምንት ነው።

የአገር ውስጥ ጌም ሠሪዎች ችግርም ከዚሁ ይመነጫል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮን የሚያስሮጠውን ኩኩሉን ሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የመተግበሪያዎች ውድድር ተሸልሟል፣ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል፤ ዶሮዋ የበዓል ወጥ ከመሆን ስታመልጥ ማየት ለኢትዮጵያዊ ተጫዋች ማብራሪያ አያሻውም። ሆኖም ተጫዋቹ ወድዶት አምስት ብር ልክፈል ቢል እንኳ፣ በዶላር የሚሠራው መደብር አምስቱን ብር የሚቀበልበት ቀላል መንገድ አልነበረውም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሎ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን መብለጣቸው ለወደፊቱ ሌላ በር ሊሆን ይችላል፤ እስካሁን ግን ከስልክ ሒሳብ ላይ ጥቂት ብር የሚቆርጡት፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚካሄዱት የጥያቄና መልስ ውድድሮች ከጌሞቹ ይልቅ ለዚህ ገበያ ቀድመው ደርሰዋል።

ነጻ ጌም ምን ያህል በክር የተንጠለጠለ ነገር እንደሆነ በመቐለ የታየው ክሩ ሲበጠስ ነው። የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር በክልሉ የመገናኛ አገልግሎት ተቋረጠ፤ ኢንተርኔት በየደረጃው የተመለሰው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጦርነቱን የገታው የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ሲሆን፣ መደበኛው የመንገደኞች በረራም ከ18 ወራት መቋረጥ በኋላ በአሉላ አባ ነጋ ማረፊያ እንደገና የጀመረው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ባንክ በተዘጋበትና መድኃኒት በጠፋበት በዚያ ዘመን ጌም የማንም ጭንቀት እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ይሁን እንጂ የዕቃውን ተፈጥሮ ለሚመረምር ሰው የሚታየው ይህ ነው፤ ሰርቨር የሚባለውን ሩቅ ያለ የኩባንያውን ኮምፒውተር ካላገኙ የማይነሡት እንደ ፐብጂ ያሉ ጌሞች ያለ መስመር ከመክፈቻው ምስል አያልፉም፣ ብቻቸውን የሚሠሩት ሩጫዎችና እንቆቅልሾች ግን ይከፈታሉ፤ ማስታወቂያ አይመጣም፣ ሕይወት የሚያስገኘው ቪዲዮ አይጫንም፣ የግዢው ቁልፍ ቢነካ መልስ የለውም። ነጻ የተባለው ጌም በእርግጥም ነጻ የሚሆነው ሻጩ ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ ብቻ ነው።

ተመሳሳዩ ነገር በትንሹ በየበረራው ይደገማል። አውሮፕላኑ ከኩይሓ ሜዳ ሲነሣ ስልኮች ወደ በረራ ሁነታ ይለወጣሉ፣ ከአንድ ሰዓት በላይም ማስታወቂያ የሌለው ጌም በየወንበሩ ይቀጥላል። ቦሌ ላይ ጎማው አስፋልቱን እንደነካ፣ የበሩ መከፈት ሳይጠበቅ መስመሩ ይመለሳል፤ የመጀመሪያው የስልክ ድምፅም ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ጥሪ ሳይሆን፣ አምስቱም ሕይወት እንደሞላና ተጫዋቹ እንደተናፈቀ የሚናገረው የጌሙ መልእክት ነው።