አንድ ክኒን፣ ሁለት ደብተር

በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ስገኝ ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፦ «ባዮሎጂ ሽምደዳ ነው፤ ኬሚስትሪ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው።» እኔ የተመረቅኩት በሶሲዮሎጂ ነው። ይሁንና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ በመሆኔ፣ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ወጣቶች «ደህና ሆኜ ሳለሁ ለምን በየቀኑ ክኒን እውጣለሁ?» ይሉኛል። መልሱ የሚገኘው ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ሲከፈቱ ነው። እስቲ አብረን እንያቸው።

ከባዮሎጂ እንጀምር። ኤች አይ ቪ በዋናነት የሚያጠቃው ሲዲ ፎር የተባለውን ነጭ የደም ሕዋስ ነው። የቫይረሱ የዘር መመሪያ የተጻፈው በአር ኤን ኤ ነው። ሕዋሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት መመሪያውን ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጠዋል።

ለመሆኑ «ይገለብጠዋል» ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ የኬሚስትሪ ደብተራችሁን ክፈቱ። ዲ ኤን ኤ ኑክሊዮታይድ ከሚባሉ አሃዶች የተሠራ ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱን እንደ ባቡር ፉርጎ አስቡት። የፉርጎው የኋላ መንጠቆ በስኳሩ ላይ ያለው፣ ኦ ኤች ብላችሁ የምትጽፉት ቡድን ነው። ቀጣዩ ፉርጎ በፎስፌቱ በኩል ከዚህ መንጠቆ ጋር በኮቫለንት ቦንድ ይያያዛል። ላሚቩዲንና ቴኖፎቪር የተባሉት መድኃኒቶች ሕዋሱ ውስጥ ፎስፌት ሲጨመርላቸው ቁርጥ ፉርጎ ይመስላሉ፤ የኋላ መንጠቆ ግን የላቸውም። ኢንዛይሙ ተታሎ አንዱን ሲቀጥል ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል። ቫይረሱም አይባዛም።

ክኒኑ ቢዘለልስ? እነዚህን መድኃኒቶች ኩላሊት ከሰውነት ያስወግዳቸዋል። ስለዚህ በተደጋጋሚ ሲዘለሉ ኮንሰንትሬሽናቸው ይወርዳል፤ ቫይረሱም መባዛት ይጀምራል። ይህ ኢንዛይም ደግሞ ሲገለብጥ የሠራውን ስህተት አያርምም፤ በዚህም ሚውቴሽን ይበዛል። አንዱ በደንብ የታወቀ ነው፦ በኢንዛይሙ 184ኛ ቦታ ላይ ያለው ሜቲዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ በቫሊን ይተካል። የአንድ አሚኖ አሲድ ቅርጽ ተለወጠና ላሚቩዲን አልገጥም አለ! መድኃኒቱን የተላመደው ይህ ቫይረስ ከሌሎቹ በልጦ ይባዛል። በባዮሎጂ «ተፈጥሯዊ ምርጫ» የምትሉት ይኸው ነው።

ጉዳዩ የፈተና ብቻ አይደለም። አብራችሁ አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ወይም ቤት ተከራይታችሁ አብራችሁ የምትኖር ልጅ፣ ሰው እንዳያይባት ክኒኗን ስትደብቅ ሰዓቱ ሊያልፍባት ይችላል። የናንተ ሹክሹክታ በደሟ ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። መድኃኒቷን በአግባቡ ወስዳ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ደርሶ እዚያው ከቆየ ግን ጤናዋ ይጠበቃል፤ ቫይረሱም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

እንግዲህ አዲስ የባዮሎጂ ቃል ባጋጠማችሁ ቁጥር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከምን ተሠራ? በምን ቦንድ ተያያዘ? መጠኑ ቢቀንስ ምን ይከተላል? ሄሞግሎቢንንም፣ ኢንሱሊንንም በዚህ መንገድ ሞክሯቸው። በሚቀጥለው የክበብ ስብሰባችሁ ፉርጎዎቹን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣሏቸውና አንዳችሁ ለሌላው አስረዱ። ያን ጊዜ ጓደኛችሁ ክኒኗን ስታወጣ ውኃ የሚያቀብላት እንጂ የሚያንሾካሹክባት አይኖርም።