ኑዛዜው አልቆ ልብ ሲቀር

ሆሣዕና ሲቃረብ የንስሐ አባቶች ፋታ ያጣሉ። ስልካቸው ሲጠራ ይውላል፤ ከቅዳሴ በኋላ በቅጥር ግቢው ዛፎች ጥላና በደጀ ሰላሙ ጥግ ተራ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰሙነ ሕማማት ከገባ በኋላ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታ» አይልም፤ ክርስትና አይነሣም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሰዎች የሚሆነው ጸሎተ ፍትሐት እንኳ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ይደርሳል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ብቅ ያላለው ሁሉ ከ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከሰሙነ ሕማማት በፊት ያሉትን የመጨረሻዎቹን ጠብቆ ይመጣል።

የሚመጣውም ዝርዝር ይዞ ነው። አንዳንዱ በቃሉ ይናገራል፤ ወጣቱ በወረቀት ወይም በስልኩ ጽፎ ያመጣል። ጾም መግደፍ፣ በሐሰት መማል፣ ዝሙት፣ ስካር፣ ሰንበትን መሻር። ይህ ሁሉ መነገር አለበት። ንስሐ ከ7ቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው፤ ኃጢአትን በአንደበት መናገርም የምሥጢሩ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አገልግሎት የቆየ ካህን ዝርዝሩ ሲያልቅ ሥራው እንዳላለቀ ያውቃል። ተናዛዡ ያደረገውን ተናግሯል፤ የሚወደውን፣ የሚጠላውን፣ ሊተወው ያልፈለገውን ግን ገና አልተናገረም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ፈሪሳውያን ስለ እጅ መታጠብ ሲሟገቱ፣ ጌታ ግድያው፣ ምንዝሩ፣ ስርቆቱና የሐሰት ምስክርነቱ ከልብ እንደሚወጣ አስተማረ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ከዚያ የመጣ ከሆነ፣ ወረቀቱን አንብቦ መጨረስ ወደ ምንጩ መድረስ አይደለም።

የኑዛዜ ምሥጢር አይወጣምና የማንም ተናዛዥ ታሪክ እዚህ አይነገርም። መናገሩም አያስፈልግም። ሁለት ነገሥታት እንዴት እንደተናዘዙ ቅዱስ መጽሐፍ ጽፎ አስቀምጧል፤ የንስሐ አባት ከሁለቱ የበለጠ መምህር አያገኝም።

የመጀመሪያው ሳኦል ነው። አማሌቅን ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፋ ታዝዞ ንጉሡን አጋግንና ከከብቱ ምርጥ ምርጡን አስቀረ። ነቢዩ ሳሙኤል ሲደርስ ሳኦል ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ አለ፤ የበጎቹ ጩኸት ግን ከጆሮ እየገባ ነበር። ሲጠየቅ ከብቱን ያስቀረው ሕዝቡ ነው አለ፤ ለእግዚአብሔር መሥዋዕት ሊሆን ነው ሲልም ጨመረበት። መውጫ ሲያጣ መበደሉን አመነ፤ ሕዝቡን ፈርቼ ነው ብሎ ምክንያቱን አስከተለ። በመጨረሻም የለመነው ነገር በሽማግሌዎችና በእስራኤል ፊት ሳሙኤል እንዲያከብረው ነው። ይህ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 ላይ ይገኛል። ሳኦል ኃጢአቱን በቃሉ ተናዟል፤ ሰግዷልም። ሳሙኤል ግን ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ ሊያየው አልሄደም።

ሁለተኛው ዳዊት ነው። በሰው ዐይን የዳዊት ጥፋት እጅግ ይከብዳል፤ ሳኦል ከብት አስቀረ፣ ዳዊት የሰው ሚስት ቤርሳቤህን ወሰደ፤ ባሏን ኦርዮንንም ጦርነቱ ከበረታበት ግንባር አሰልፎ አስገደለው። ነቢዩ ናታን የአንዲት ግልገል ታሪክ ይዞ መጣ፤ ብዙ መንጋ ያለው ባለጸጋ፣ ድኻው እንደ ልጁ ያሳደጋትን ብቸኛ በግ ወስዶ ለእንግዳው አረደ። ዳዊት በቁጣ ነደደ፤ በሰውየው ላይም የሞት ፍርድ ሰጠ። ሰውየው ራሱ መሆኑን ናታን ሲነግረው ግን አልተከራከረም። የሠራዊቱን አለቃ ኢዮአብን አልወነጀለም፤ ቤርሳቤህንም ጥፋተኛ አላደረገም። በአጭሩ መበደሉን አመነ። ከዚያ በኋላ የጸለየው በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 50 ነው፤ ብዙ ምእመናን በቃላቸው የሚያደርሱት ጸሎት ነው። በዚያ ጸሎት ዙፋኑ እንዲጸናለት አልለመነም፤ በሽማግሌዎች ፊት መከበርንም አላነሣም። የለመነው ንጹሕ ልብ እንዲፈጠርለት፣ የቀና መንፈስ በውስጡ እንዲታደስለት ነው። የበደለውን በከብት መሥዋዕት መሸፈን እንደማይችልም ተናገረ።

ሁለቱም ነገሥታት በአንደበታቸው ያሉት ነገር ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ ከአንደበት በታች ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዳዊትን ልበ አምላክ እያለች የምትጠራው፣ የአብነት ተማሪውም መዝሙሩን ደግሞ ደጋግሞ የሚያጠናው፣ ሰውየው ስላልወደቀ አይደለም።

እነዚህ ሁለት ድምፆች ዛሬም በኑዛዜ ሰዓት ይሰማሉ። አንዱ ኃጢአቱን እየተናገረ ሌላ ሰው ይከስሳል፤ ጓደኞቼ ናቸው፣ ሚስቴ አስቆጥታኝ ነው፣ ዘመኑ ነው ይላል። የሚያስጨንቀው ሰው ሰማ አልሰማ ነው። ሌላው ምክንያት ሳይደረድር፣ ነገሩ ለምን እንደሚመላለስበት ይጠይቃል። «አባቴ፣ ልቤ ለምን እንዲህ ሆነ?» ይላል። ይህን ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው፣ ዝርዝሩ አጭርም ይሁን ረጅም፣ ግማሽ መንገዱን ሄዷል።

ልብ ከሁሉ ይልቅ የሚሸሸግበት ዋሻ ቂም ነው። ተናዛዡ የገደፈውን ጾም በቀን ቆጥሮ ይናገራል፤ በርስት ወይም በውርስ ከተጣላው ወንድሙ ጋር ለዓመታት አለመነጋገሩን ግን በኃጢአትነት አይቈጥረውም። ካህኑ «ልጄ፣ የተጣላኸው ሰው አለ?» ሲለው ፊቱ ይለዋወጣል፤ ጥፋተኛው ያኛው እንደሆነ ያስረዳል፤ እውነቱም ከእርሱ ጋር ሊሆን ይችላል። ልምድ ያለው የንስሐ አባት እዚህ ቦታ ላይ አይቸኩልም፤ ሊቸኩልም አይገባም። የተናዛዡ ልብ ያለው እዚያ ነውና። የተራራው ስብከት መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅን ያዛል። የቅዳሴውም ሥርዓት ይህንኑ ተከትሎ የተሠራ ነው፤ ዲያቆኑ ምእመናን እርስ በርሳቸው በመንፈሳዊ ሰላምታ እንዲሳለሙ ያውጃል፤ ካህኑ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ሕዝቡም ልባችን በአምላካችን ዘንድ ነው ብሎ ይመልሳል። ከሳምንት ሳምንት ይህን መልስ እየሰጠ ከጎኑ የቆመውን ጎረቤቱን ቀና ብሎ የማያይ ሰው፣ ያልሆነውን በእግዚአብሔር ፊት እየመሰከረ ነው።

ለዚህ ነው ብዙ የንስሐ አባቶች ፍትሐት ከመስጠታቸው በፊት ሽማግሌ የሚልኩት፤ አልፎ አልፎም ራሳቸው መስቀላቸውን ይዘው በሁለቱ መካከል የሚቆሙት። ይህ የማኅበራዊ ሕይወት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ማር ይስሐቅን ያንብብ። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ በስሙ የሚጠራው ይህ አባት በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ነበር። የሚራራ ልብ ለሰው፣ ለወፎችና ለአራዊት፣ የእውነት ጠላት ለሆኑት፣ ለአጋንንት ሳይቀር በርኅራኄ የሚነድድና የሚያለቅስ እንደሆነ አስተምሯል። ከእርሱ መለኪያ አንጻር፣ አንድ ወንድምን ይቅር ማለት ገና የፊደሉ መጀመሪያ ነው።

ከኑዛዜ በኋላ ቀኖና ይከተላል፤ ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት። በዚህ ላይ በምእመናን ዘንድ ሥር የሰደደ የተሳሳተ አሳብ አለ፤ ቀኖናን እንደ ቅጣት ገንዘብ ማየት። «ስግደቱን ጨርሻለሁ አባ፤ አሁን ነጻ ነኝ?» የሚል ጥያቄ የዚያ ምልክት ነው። አበው ቀኖናን የሚያዩት መድኃኒት አድርገው ነው፤ መድኃኒት ደግሞ እንደ በሽተኛው ይለያያል። ለገንዘብ የሚሳሳ ሰው ምጽዋት እንጂ ስግደት ብቻ አይታዘዝለትም፤ ስግደቱ ጉልበቱን ቢያደክመው እንኳ ኪሱን አይነካውምና። ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ በጾም አይጨነቁም። ለሐሜተኛ የዝምታ ሰዓት ይሻለዋል፤ ያማውን ሰው በየዕለቱ በስሙ እየጠራ እንዲጸልይለት ሲታዘዝ ደግሞ ሐሜቱ በአፉ ላይ እየጎመዘዘው ይመጣል።

ዛሬ ይህ ጥበብ በስልክም ይፈተናል። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት በሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወይም በቤይሩትና በዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት፣ የንስሐ አባቷን የምታገኘው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ በተሰረቀች ሰዓት ነው። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆማ ለምትውል ሴት መቶ ስግደት ማዘዝ ልብን ማከም አይደለም። እጇ ሥራ ላይ እያለ የምታደርሰው እግዚኦታ፣ በክፉ ለያዟት አሠሪዎች የምትጸልየው አጭር ጸሎት፣ ለቤተሰቧ ከምትልከው ላይ ለአንድ ችግረኛ የምታስተርፈው ጥቂት ገንዘብ ይበቃታል። ብዙዎቹ ከዚህ በላይ ካልታዘዙ ኃጢአታቸው የማይሰረይ ይመስላቸዋል፤ ይህን ፍርሃት ማራቅ የካህኑ ግዴታ ነው።

ሰውነት ልብን እንደሚያሠለጥን ግን መዘንጋት አይገባም። በስመ «ዋናው ልብ ነው» ጾሙንም ስግደቱንም የሚተው ሰው በየዘመኑ አለ፤ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ በዝቷል። ነቢዩ ኢዩኤል ልብሳችሁን ሳይሆን ልባችሁን ቅደዱ ሲል፣ በዚያው ምዕራፍ ጾም እንዲታወጅ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም እንዲሰበሰብ አዟል። የነነዌም ሰዎች ማቅ ለብሰው ሦስት ቀን ጾመዋል፤ በትንቢተ ዮናስ እንደተጻፈው እግዚአብሔር ያየው ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን ነው። ማቁ ወደ መመለሱ አደረሳቸው። መመለሱ ከሌለ ማቁ ጨርቅ ነበር፤ ያለ ማቁ ደግሞ ንጉሡ ከዙፋኑ ባልወረደ ነበር።

የካህኑስ ልብ? ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ስለ ኑዛዜ መጻፍ ጉድለት ነው። የቀድሞው ወንበዴ ሙሴ ጸሊም፣ በየዓመቱ ሰኔ 24 የሚታሰበው የግብጽ በረሃ አባት፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በገዳመ አስቄጥስ ኖሯል። አንድ ወንድም ጥፋት ሠርቶ ሸንጎ ሲቀመጥበት ሙሴ አልሄድም አለ። ግድ ሲሉት የሚያንጠባጥብ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ሲሉት፣ ኃጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው የሌላውን ጥፋት ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው፤ ያን ወንድምም ይቅር አሉት። ሰው ሲናዘዝ የሚቆጣ፣ የሚያሸማቅቅ ወይም የሚሰለች ካህን የተናዛዡን ልብ ለብዙ ዓመት ይዘጋዋል። እንዲህ ከአንድ አባት ሸሽተው ዳግም ያልተመለሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ይህ ሊያስለቅሰን ይገባል።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። በእሑድ ቅዳሴ ወደ ቅዱስ ቁርባን የሚቀርቡት በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መካከለኛው ዕድሜ ቆሞ ያስቀድሳል፣ ጸበል ይጠጣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሲጠየቅ «ገና ወጣት ነኝ፣ ቆርቤ ብበድልስ?» ይላል። ፍርሃቱ ከአክብሮት የመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ከውስጡ የተደበቀ ስምምነት አለ፤ ሰውነት እስኪደክም ድረስ ልብን ለእግዚአብሔር ላለመስጠት የተደረገ ስምምነት። ሕዝቅኤል በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች የተናገረው ከዚህ ይለያል፤ የድንጋዩን ልብ አውጥቶ የሥጋ ልብ የሚሰጠው እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን ነው። ምርኮኞቹ መጀመሪያ ንጹሕ ሆነው እንዲመጡ አልተጠበቁም።

የታደሰ ልብ እንዴት ይታወቃል? የኢያሪኮው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቀው ከሀብቱ ግማሹን ለድኾች፣ በግፍ የወሰደውንም አራት እጥፍ ለባለቤቶቹ ሊመልስ ተነሣ። የንስሐ አባትም ልጁን ዳግም ሲያገኘው ስለ ስግደቱ ቁጥር ብቻ መጠየቁ አይበቃም። ወንድምህን አገኘኸው? የሠራተኛዋን ደመወዝ ከፈልሽ? ከእናትሽ ጋር ተነጋገርሽ? እነዚህ ናቸው ተገቢዎቹ ጥያቄዎች።

ከሁሉ ይልቅ ይህ ክትትል የሚያስፈልገው ከትንሣኤ በኋላ ነው። በበዓለ ሃምሳ 50 ቀናት ጾም የለም፣ ስግደትም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይፈሰካል። በጾሙ የተደገፈው ሰው ድጋፉ ሲነሣ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚታየው ያኔ ነው፤ የንስሐ አባቶች ስልክ ግን በእነዚህ ሳምንታት ጭር ይላል። ሥራቸውን የሚያውቁ አባቶች ራሳቸው ይደውላሉ። በዚህ ወቅት ኑዛዜ ይዞ ለሚመጣው ሰውም በስግደት ፈንታ ወንጌል ማንበብን፣ ሕመምተኛና እስረኛ መጠየቅን፣ ምጽዋትንና ዕርቅን ያዝዛሉ፤ ይህም ከሌላው ወቅት ቀኖና የሚያንስ እንዳልሆነ አስረድተው ያሰናብቱታል።